ሀሪሳ የማትቀምሰዋ ሸድሊያ

አክስቴ ሸድሊያ ሰው የምትመዝነው በሀሪሳ ነበር። ቱኒዚያ፣ ናብል ከተማ ውስጥ ቀይ በርበሬ አድርቃ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ጋር ፈጭታ፣ የወይራ ዘይት አልብሳ በጠርሙስ የምታስቀምጥ ሴት ሞልታለች፤ እኛ ከተማ ሀሪሳ ያልቀረበበት ገበታ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። የሸድሊያ ሀሪሳ ግን ለማንም አይሆንም። አንዴ ከቱኒዝ የመጣ እንግዳ ቀምሶ ሳል ሲይዘው፣ ውሃ በማቅረብ ፈንታ ጀርባውን እየመታች «አይዞህ ልጄ፣ ምላስህ ገና አሁን መወለዱ ነው» አለችው።

ልጇን ዊዳድን ሊያገባ ሽማግሌ የላከውን ላሳድን እንኳ በዚሁ ነው የፈተነችው። ላሳድ የማህዲያ ከተማ ሰው ነው፤ ጨዋ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ የመጣ። ሸድሊያ ቁራሽ ዳቦ ላይ ሀሪሳውን ወፈር አድርጋ ቀብታ ሰጠችው። በላ። ዓይኑ ቀላ፣ እንባው አገጩ ድረስ ወረደ፣ የሸሚዙ ኮሌታ በላብ ራሰ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«በጣም... ጣፋጭ ነው... እማማ» አለ፣ በየቃሉ መሃል አየር እየሳበ።

ከሄደ በኋላ ፍርዷን ሰጠች። «ውሸታም ነው። ግን የዋሸው ለእኔ ሲል ነው። ይግባ።»

ከሸድሊያ ግቢ ግንብ ማዶ ጎረቤቷ ዘኪያ አለች። እሷም ሀሪሳ ትሠራለች። ሁለቱም የሙቀቱ ወራት ሊያልቅ ሲል በርበሬያቸውን በክር ሰክተው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ሁለቱም የሌላዋን ግድግዳ እያዩ ከንፈር ይመጥጣሉ። ሸድሊያ ስለ ዘኪያ ሀሪሳ ስትጠየቅ «ጥሩ ነው፤ ጡት ለሚጥል ሕፃን ይሆናል» ትላለች። ዘኪያ በበኩሏ «ሸድሊያ ምግብ አይደለም የምትሠራው፣ ተንኮል ነው» ትላለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። አንዷ ሳትሰደብ የዋለችበት ቀን ካለ፣ ሌላዋ አሟታል ማለት ነው።

የሸድሊያ ሕመም የጀመረው አፏ ውስጥ ነው። እኔ ያወቅሁት በዳቦ ነበር። አክስቴ የዳቦ ጫፍ ወዳጅ ናት፤ ዳቦው ገና ከመግባቱ ሁለቱንም ጫፎች ገንጥላ ለራሷ ታስቀራለች። በዚያ ጸደይ አንድ ቀን ምሳ ላይ ቅርፊቱን ትታ ለስላሳውን ብቻ እየቆነጠረች ወተት ውስጥ ስትነክር አየኋት።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጥርሴ ነው።»

«የትኛው?»

«የጥርስ ሐኪም ነሽ እንዴ? ዝም ብለሽ ብዪ!»

ጥርሷ አልነበረም። ድዷ፣ ላንቃዋ፣ የጉንጮቿ ውስጥ ቆስሎ ነበር። ቁስሉ አይሽርም፤ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ደበቀችን። ያጋለጣት የጎረቤት ሠርግ ነው።

ለሠርጉ ሀሪሳ እንድታዘጋጅ እንደ ልማዱ ለእሷ ተነገራት። አዘጋጀች፣ ግን አልቀመሰችም፤ መቅመስ አትችልማ። ጨው ጨምራ መጨመሯን ረስታ እንደገና ጨመረች። እንግዳው አንድ ጉርሻ ይበላና ውሃ ያነሳል፣ ሌላ ይበላና የጎረቤቱን ብርጭቆ ያነሳል። ዘኪያ ይህን ዕድል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ «ሸድሊያ! ባሕሩን ምን አድርገሽ አመጣሽው? ዓሦቹ የት ይግቡ?» አለች።

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሸድሊያ መልስ የምታጣ ሰው አይደለችም፤ ያን ቀን ግን መልሷ በቃል አልነበረም። እልህ ያዛትና ቁራሽ ዳቦ አንሥታ፣ ሀሪሳውን ቀብታ ጎረሰች። አንዴ እንዳኘከች ፊቷ ተለዋወጠ። ከአፏ መልሳ ያወጣችው ዳቦ ደም ነክቶታል።

ሳቁ ቀጥ አለ። መጀመሪያ የተነሣችው ዘኪያ ነበረች። ክንዷን ይዛ «ነይ፣ ወጣ እንበል፤ እዚህ ይሞቃል» ብላ አስወጣቻት። ለሌሎቹም ዞር ብላ «ምን ታፈጣላችሁ? ብሉ!» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ፋርማሲው ሐምራዊ የአፍ መጉመጥመጫ ሰጣት። አንድ የጥርስ ሐኪም ምንም ያላጠፋ መንጋጋ ነቀለላት። ማር ተቀቢ ያሏት ነበሩ፤ የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፣ ይህንንም ሲሉ ወደ ዘኪያ ግንብ ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ቡና ቤት የሚውሉት ሽማግሌዎች ደግሞ «በርበሬው ተበቀላት» ብለው ደመደሙ። የሚገርመው እሷም አመነች። «ይህን ሁሉ ሰው ሳቃጥል ኖሬ ተራዬ ደረሰ» ትለኝ ነበር፤ እየቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ፤ አልሳቀችም።

ቀጥሎ ወደ ቆዳዋ ወጣ። ደረቷና ጀርባዋ ላይ ውሃ እየቋጠረ ያብጣል፤ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ስስ ስለሆነ ልብስ ሲነካው ይፈርጣል። የራስ ቆዳዋ ላይም ወጣባትና ማበጠሪያ ተወች። ጠዋት ቀሚሷን ስታወልቅ ከጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ስለሚያስቸግራት ባሏ ቲጃኒ፣ እኛ በአክብሮት ሲ ቲጃኒ የምንለው፣ ለብ ባለ ውሃ እያራሰ ያላቅቅላት ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እጁ መሪ ሲይዝ እንደኖረ እጅ ቀስ ያለ ነው።

ሰው መሸሽ ጀመረ። አንዲት ደንበኛዋ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዛ መጥታ «ልጆቹ አይወዱትም» አለቻት። ልጆቹ ሲበሉት ነው ያደጉት። ሸድሊያ «እሺ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላ ጠርሙሱን ተቀበለች። ሴትየዋ ስትወጣ የግቢውን በር ዘጋች። ያን በር ቀን ዘግታው አታውቅም።

እኔ ያኔ ቱኒዝ አስተምር ነበር፤ ናብል የምመጣው በዕረፍቴ ነው። እምቢ ብትልም አንድ ትልቅ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ወሰድኳት። በጋራ ታክሲው ውስጥ ወንበሩን ሳትደገፍ፣ ቀጥ ብላ እንደ ወታደር ተቀምጣ ነው የደረስነው።

የተቀበለችን ዶክተር ኢብቲሃል የምትባል ድምፀ ቀጭን ወጣት ናት።

«እትዬ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈተች። ሐኪሟ አየች፣ ጉንጯን ዳሰሰች።

«እጅሽ በረዶ ነው ልጄ» አለች ሸድሊያ። «ባል ካለሽ አዝንለታለሁ።»

«እሱም እንደዚያው ይላል» አለች ዶክተሯ። ከዚያ የአክስቴ ጀርባ ላይ ከቁስሉ አጠገብ፣ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ላይ ጣቷን አሳርፋ በቀስታ ገፋ አደረገችው። ቆዳው ሸርተት ብሎ ሄደ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ነክቶ ያየልዎት ሰው አለ?»

«ከባሌ በቀር ማን ይነካኛል? የሚያወራ እንጂ የሚነካ የለም።»

ከውሃው ቋጠሮ ጠርዝ ምስር የምታህል ቆዳ ወሰዱ፣ ደምም ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። በሽታው ፔምፊገስ ይባላል አለች።

«የግድግዳ ሸክላ ሲለጠፍ አይተው ያውቃሉ?»

«የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናብል ለተወለደች ሴት ሸክላ አይተሽ ታውቂያለሽ ይባላል?»

«ይቅርታ። ቆዳችንም እንደዚያ ነው። ትንንሽ ሸክላዎች ተደርድረው፣ በመሃላቸው የሚያያይዛቸው ሙጫ አለ። ሰውነታችን ደግሞ ጀርም ሲገባ የሚያባርሩ ዘበኞች አሉት። የእርስዎ ዘበኞች ተሳስተው ሙጫውን ሌባ ነው ብለው ይደበድቡታል። ሙጫው ሲላቀቅ ሸክላው ይለያያል፣ በመሃል ውሃ ይገባል። አፍ ውስጥ ደግሞ ስስ ስለሆነ ማበጡን ሳያዩት ይፈርጥና ቁስሉ ብቻ ይቀራል።»

ሸድሊያ አሰበችበት። «ይህን ዘበኛ የቀጠረው ማነው?»

«የራስዎ ሰውነት ነው።»

«እኔ እንዲህ ያለ ጅል አልቀጥርም!»

ዶክተሯ ሳቀች። ሸድሊያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወራት ሙሉ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ጠየቀች። «በርበሬው ነው?»

«አይደለም። በርበሬ ቁስሉን ያቃጥላል እንጂ በሽታውን አላመጣብዎትም። አፍዎ እስኪድን ድረስ ብቻ ይተዉታል።»

«ዓይን ነው?»

«ዓይን በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ይኼ ግን ታይቷል።»

«ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። ቢነኩዎት፣ ቢስሙዎት፣ አብረው ቢበሉ አይተላለፍም።»

«በጠርሙስስ?»

ዶክተሯ አልገባትም፤ ወደ እኔ ዞር አለች። «ሀሪሳ ነው የምትሠራው» አልኳት። ገባት። የአክስቴን እጅ ያዘችና «በጠርሙስም አይተላለፍም» አለቻት። ሸድሊያ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። መንጋጋዋ ሲነቀል እንኳ ነቃዩን ስትሰድብ ነበር።

ዶክተሯ የሚያስፈራውንም አልደበቀችም። ሳይታከም ቢቀር ቆዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ዘበኞቹን በመድኃኒት ማስተኛት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ኮርቲዞን የሚባለው ኪኒን።

«ዘበኞቹ ተኝተው እውነተኛው ሌባ ቢመጣስ?» አለች ሸድሊያ።

«ጥሩ ጠየቁ። ለዚህ ነው ትኩሳት ከተሰማዎት ቤት ሳይቀመጡ የሚመጡት። ኪኒኑን ደግሞ በራስዎ ፈቃድ ቀጥ እንዳያደርጉት።»

«እሺ» አለች። ይህቺን «እሺ» ዶክተሯ ማመን አልነበረባትም፤ አክስቴን ገና አላወቀቻትም።

ሆስፒታል ቆይታ ወደ ቤት ስትመለስ ሌላ ሸድሊያ ሆና ነው። ኮርቲዞኑ ፊቷን እንደ ሙሉ ጨረቃ አደረገው፣ ጉልበቷን አደከመው፣ ስኳሯን ከፍ አደረገው፣ ከሁሉም በላይ ረሃብ ለቀቀባት። ቀኑን ሙሉ ትርባለች፤ የምትበላው ግን ለስላሳና አልጫ ብቻ ነው፣ ያውም ስኳር የሌለበት። በወይራ ዘይት የታሸ ፓስታ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እርጎ። ምግቡን የሚሠራው ሲ ቲጃኒ ነው።

አንድ ቀን ሦስታችን ተቀምጠን ያን ነጭ ፓስታ ስንበላ «ቲጃኒ፣ ለአንተ ሀሪሳ አድርግበት እንጂ፤ ለእኔ ብለህ አትቸገር» አለችው።

«እንዲሁ ይሻለኛል።»

«እንዴት ይሻልሃል?»

ሹካውን አስቀመጠ። «ሸድሊያ፣ ሆዴ ድሮም አይችለውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጋችን ጀምሮ።»

እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

«ታዲያ ያ ሁሉ የቀባሁልህ ዳቦ የት ሲገባ ነበር?»

«አውቶቡስ ላይ ለትኬት ቆራጩ እሰጠው ነበር። በጣም ይወደዋል።»

«ለዚህ ነው ሰውየው በየበዓሉ ቤቴ ድረስ እየመጣ ግንባሬን የሚስመኝ?»

«ለዚህ ነው።»

ተነሥታ ሄደች። ያን ቀን አላነጋገረችውም። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንቁላሉን ሲያቀርብላት ፊቷን አጥቁራ ጀመረችና «ሳላገባ ብቀር ይሻለኝ ነበር፤ ሰላይ ነው ያገባሁት» ስትል ራሷ ሳቀች። ሳቁ ቁስሏን ሲለጥጠው ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ «አታስቀኝ አንተ ሰላይ፣ ያመኛል!» አለች። እሱ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ሰውየው በራሱ ቤት እንደ ንጉሥ ድንች እየቀቀለ ይበላ ጀመር፤ ትንሽ ወፈረም።

የበርበሬው ጊዜ ደረሰ። በርበሬው ግድግዳው ላይ ደርቆ ተሰቅሏል፤ ሸድሊያ ቀና ብላ አታየውም። ዘኪያ ሳትጠራ በር ከፍታ ገባች።

«ይኼን በርበሬ ለወፍ ነው የሰቀልሽው?»

«ማን ይቀምስልኛል? አፌ ዕረፍት ላይ ነው።»

«እኔ እቀምሳለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ቀምሰሽ "ጥሩ ነው" ካልሽኝማ ተበላሽቷል ብዬ ነው የምደፋው።»

«እንግዲያው "መጥፎ ነው" ስልሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው» አለች ዘኪያ፣ መቀመጫ ስባ እየተቀመጠች።

በዚያው ሳምንት ተሠራ። ሲ ቲጃኒ ይፈጫል፣ እኔ ጓንት አጥልቄ ፍሬውን አራግፋለሁ። ሸድሊያ አቧራው እንዳይነካት አፍንጫና አፏን ሸፍና፣ ጥላ ሥር ሆና ታዛለች። «ፍሬው አልለቀቀም! ቲጃኒ፣ አውቶቡስ እየነዳህ ነው እንዴ? ቀስ!» እያለች። በመጨረሻ ዘኪያ ዳቦ ነክራ ጎረሰች። ትንሽ ቆየች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተነሣ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ጨው?» አለች ሸድሊያ ወንበሯ ላይ ወደፊት ዘንበል ብላ።

«ቆይ... ልተንፍስ... ትንሽ ይጨመር።»

«ነጭ ሽንኩርቱ?»

«ይበቃዋል።»

«ማቃጠሉስ?»

«አላህ ይይልሽ።»

«ደርሷል!» አለች ሸድሊያ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም።

ጠርሙሱን እየሞላን ሳለ ያቺ ጠርሙስ የመለሰችው ደንበኛ ዘኪያን ፈልጋ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ሸድሊያን በሩቁ ሰላም አለቻት። ዘኪያ አየቻት። ምንም ሳትል ከሸድሊያ ጠርሙስ በጣቷ ዝቃ ላሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሄዳ የሸድሊያን ቁስላም ግንባር ሳም አደረገች።

«አይተላለፍም» አለች፣ እያሳላት። «ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር ተጎራብቼ ጠባይዋ እንኳ አልተላለፈብኝም።»

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። ትንሽ ቆማ ገባችና አንድ ጠርሙስ ጠየቀች። ሸድሊያ የሰጠቻት ከሁሉም የሚያቃጥለውን ነው፤ ምርቃቱም አልተለየውም።

በሽታው በአንድ ጊዜ አልለቀቃትም። በብርዱ ወራት ቁስሉ ጠገገ፣ ቆዳዋ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀረ። ይሄኔ «ዳንኩ» አለችና፣ ክብ ፊቷም ስላስጠላት፣ ማንንም ሳትጠይቅ ኪኒኑን ቀነሰች፤ ከዚያም ጨርሳ ተወች። ብዙ ሳይቆይ አቅም አጥታ ወደቀች፤ አፏም እንደገና ፈነዳ። ሆስፒታል ስንመለስ ዶክተር ኢብቲሃል ያቺን ቀጭን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አድርጋ ተቆጣቻት። አክስቴ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ሌላ መድኃኒት ጀመሩላት፤ ኮርቲዞኑንም በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ቀነሱላት። ያ መድኃኒት ያዘላት። ዛሬ ቆዳዋ ንጹሕ ነው፤ ጥቂት ኪኒን ትውጣለች፣ ለምርመራ ትመላለሳለች። ሀሪሳም ተፈቀደላት፤ የጥፍር ጫፍ የምታህል። የቀረውን የምትቀምሰው እስከ ዛሬ ዘኪያ ናት፤ ይህንንም ለሰፈሩ ለመንገር አንድ ቀን አትዘገይም።

ባለፈው ምርመራ አብሬያት ሄጄ ነበር። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቤጃ ከምትባል ከተማ የመጣ አንድ ገበሬ አፉን በሻሽ ሸፍኖ፣ ከሰው ርቆ ጥግ ይዟል። ሸድሊያ ሰፊ ወንበር ትታ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ሰውየው ሐኪም መስላው ሻሹን ፈታና ከፈተ። አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወይራ ለቀማው ጊዜ።»

«ጥርስ ነቀሉልህ?»

«ሁለት።»

«እኔ በአንድ ተርፌያለሁ። ዳቦውን ወተት ውስጥ ንከረው፤ ሻሹንም ጣለው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም። ሚስትህ የት አለች? ከአንተ ጋር ትበላለች?»

«ሳህኔን ለይታለች።»

«ጥራትና ወደ ውስጥ አብራህ ትግባ። ሐኪሟ ለእሷም ትንገራት።»

ሰውየው ደጅ የቆመችውን ሚስቱን ሊጠራ ሲነሣ ነርሷ በር ከፍታ «እትዬ ሸድሊያ! ደግሞ ሰው እያከሙ ነው?» አለች።

«የእናንተ ወረፋ ረጅም ነው» አለቻትና ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታኝ ገባች።